ሰማያዊ የበራው የማር ገመድ

የወንድሜን ሚስት አባት አልወዳቸውም። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። እሳቸውም አይወዱኝም፤ የምንስማማው በዚህ ብቻ ነው። ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር «የተማረችዋ መጣች» ይላሉ፣ ያውም እኔ እዚያው ቆሜ፣ ያውም በኽምጣኛ፤ የማልሰማ ይመስል። እናቴ በምን ቋንቋ እንዳሳደገችኝ የሚያስቡትን እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን በዚያው በኽምጣኛ «አዎ፣ መጥቻለሁ፤ ምን ላድርግዎ?» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የሚቀበሉት በአገጫቸው ነው።

እንግዲህ የወንድሜን ገመድ የሚይዙት እኚህ ሰው ናቸው። መንደራችን ከአምደወርቅ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። ከመንደሩ በታች ገደል አለ፤ በገደሉ ወገብ፣ እጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ንብ ሰፍሯል። ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲያልቅ ወንድሜ በገመድ ወርዶ ማሩን ይቆርጣል። ገመዱ አፋፉ ላይ ባለ የወይራ ግንድ ይዞራል፤ ጫፉን የጨበጠው ሰው ቀስ እያለ እየለቀቀ ያወርደዋል፣ ሲጨርስ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ይጎትተዋል። ይህ ሰው ያዥ ይባላል።

በእኛ መንደር ገመዱ የሚያድረው በያዡ ጓዳ እንጂ በወራጁ ቤት አይደለም። ወራጁ ገመዱን የሚያገኘው ወገቡ ላይ ሲታሰርለት ነው። ያን ጊዜም ፊቱን ወደ ሩቅ መልሶ ይቆማል እንጂ አይዳብሰውም፣ አይስበውም፣ አይመረምረውም። ገመዱን የመረመረ ሰው ያዡን «ልትገድለኝ ነው» እንዳለው ይቆጠራል። በዚህ የተቀያየሙ ሁለት ዘመዳሞች አውቃለሁ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ቀብሩ ላይ አልቆመም።

እኔ ይህን ልማድ ከሰውዬውም የበለጠ እጠላዋለሁ። አባታችን የወደቀው ከዚያው ገደል ነው። ያኔ ገመዱ የቆዳ መጫኛ ነበር። ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ኖሮ አንድ ሰው እንኳ እጁን ዘርግቶ አልዳሰሰውም። ነውር ነዋ! አባቴ አልሞተም። ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀረና ለዓመታት ቤቱን በስድብ አንቀጠቀጠው። እናቴን ሰደበ፣ እኔን ሰደበ፣ ንቦቹን ሰደበ። ያዡን ግን አንድ ክፉ ቃል ሳይናገረው አለፈ። እስከ ዛሬ ቆሽቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው።

ኬሚስትሪ ያጠናሁት በአባቴ ምክንያት ነው ብዬ አላሳምርላችሁም። ምደባ ሲወጣ የደረሰኝ ኬሚስትሪ ነው፤ አለቀ። በኋላ ግን ውጭ አገር ሦስተኛ ዲግሪዬን ስሠራ መምህሬ ከፕላስቲክ ጋር የሚዋሃድ አንድ ሞለኪውል አስያዙኝ። ፕላስቲክ ሁሉ፣ ናይለኑም ጀሪካኑም፣ በጣም ረጃጅም ሰንሰለት ነው፤ ፖሊመር የምንለው እሱን ነው። ይህ ሞለኪውል በሰንሰለቱ መሀል ይገባል። ራሱ ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ ሲሆን መጋጠሚያው ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጓል። ሰንሰለቱ ከልክ በላይ ሲወጠር ከሁሉ ቀድሞ የሚለቅ ያ መጋጠሚያ ነው። ከለቀቀ በኋላ አንደኛው ቁራጭ በሐምራዊ መብራት ሥር ሰማያዊ ያበራል። በባዶ ዓይን ምንም አይታይም፤ ክሩ አልተበጠሰም፣ አልሳሳም፣ ነጭ እንደሆነ ነው። መብራቱን ሲያዩበት ግን የተጎዳው ቦታ ፍንትው ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ሲበራ ያየሁ ቀን ከቤተ ሙከራው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጓደኞቼ የደስታ መስሏቸው አቀፉኝ። የደስታ አልነበረም፣ የንዴት ነበር፤ አባቴ እኮ በቤቱ ተኝቶ ይሳደባል።

አገሬ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር ያንን ሞለኪውል የያዘ ቀለም አዘጋጀሁ። አንድ አዲስ የናይለን ገመድ ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። ሲደርቅ ለወንድሜ ወሰድኩለት። ወንድሜ ታላቄ ነው።

«ምን ያደርጋል ይኼ?» አለኝ።

«ሲጎዳ ይናገራል።»

«እንዳንቺ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና እንሳሳቅ ነበር።

ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያበላሸው በጆንያ ይቀመጥ አልኩ። ሰውዬውም ከነጆንያው ተቀብለው ጓዳቸው አስገቡት። ስለ ሞለኪውሉ አልነገርናቸውም፤ ምን ብለን እንንገራቸው? አምና ስመጣ «አቧራ ጠጥቷል፣ ላጥበው» ብዬ አስወጣሁትና በመብራት አየሁት። ወገብ ላይ የሚታሰርበት ቦታና የድንጋዩ ጠርዝ የሚነካው ቦታ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበሩ። ሰው ተንጠልጥሎበት ይህን ያህል ማብራቱ ያለ ነው። አጥቤ መለስኩት፤ ወንድሜም ወረደበት፣ ማሩንም በላን።

ዘንድሮ መብራቴ መንገድ ላይ ሻንጣ ወድቆበት ተሰበረ። ሰቆጣ ስደርስ ገበያው አጠገብ ያለ አንድ የሸቀጥ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ሐሰተኛ ብር የምትለይበት ትንሽ ሐምራዊ ባትሪ እንዳላት አውቃለሁ። እስክመለስ አውሺኝ አልኳት።

«ብር ልታትሚ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ገመድ ላይበት ነው።»

«ወላሂ አንቺ ልጅ ጤና የለሽም» አለችና መሳቢያዋን መበርበር ጀመረች። እየበረበረች ስለ ስኳሯ ታማርራለች። ወደ አምደወርቅ፣ ወንድሟ ሱቅ፣ የላከችው ስኳር ወንዝ ላይ ረጥቦባታል። አይሱዙው አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ነው። «አንድ ሽማግሌ ነጭ ገመድ ይዘው ደርሰው በሌላ መኪና አስጎትተው ባያወጡልን ኖሮ ጎርፍ ይወስደው ነበር። አላህ ይስጣቸው፤ በነጻ ግን እንዳይመስልሽ!» አለች። የሰው ስኳር ምን አገባኝ? አይዞሽ ብያት ባትሪውን ይዤ ወጣሁ።

መንደር የደረስኩት ማሩ ሊቆረጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሜና ሚስቱ ሰውዬው ቤት ነበሩ፤ ንቡን የሚያጨሱበትን ኩበት ያስራሉ። ሰላም ተባባልን። እንደ አምናው ዘዴ መፍጠር ነበረብኝ። ግን ከአምደወርቅ በእግሬ መጥቼ ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል፤ ለዘዴ የሚሆን ትዕግሥት ከየት ላምጣ?

«ገመዱን ልየው» አልኩ።

ሰውዬው የያዙትን ማሰሪያ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ምኑን ነው የምታይው?»

«ገመዱን።»

«እኔ የማሳድረውን ገመድ?»

«አዎ፣ እርስዎ የሚያሳድሩትን ገመድ።»

«ተይ እንጂ አንቺ!» አለ ወንድሜ፣ ፊቱ ልውጥ ብሎ። «ገና ከመንገድ ገባሽ፤ ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ።»

«አልጠጣም» ብዬ ጓዳ ገባሁ። የሰው ጓዳ ሳይጋበዙ አይገባም፤ አውቃለሁ። ገባሁ።

ጓዳው ድቅድቅ ያለ ነው። ጆንያውን ስፈታው የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የገመዱ አንድ ጫፍ ጥቁር ቅባት ጠጥቷል። ባትሪውን አበራሁ። እሪ ልል ምንም አልቀረኝም። ከጫፉ ጀምሬ ክንድ በክንድ ስስበው ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ፣ አሁንም ሰማያዊ። አምና ጨለማ የነበረው ሁሉ በርቷል። አንድ ሰው ይቅርና ቤተሰቡ በሙሉ ቢንጠለጠልበት እንዲህ አይሆንም። የባለሱቋ ስኳር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ደሜ ፈላ።

ገመዱን እየጎተትኩ ወጣሁ። «አይሱዙ ጎትተውበታል!» አልኩ።

«ማን አለሽ?»

«ገመዱ።»

«ገመዱ!» አሉና ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ሰማህ? ገመድ ያነጋግራታል። አንተ ደግሞ ትምህርት ላይ ናት ትለኛለህ።»

«ናፍጣው ይሸታል እኮ! ይሽተቱት!»

«ጓዳዬ ውስጥ የኩራዝ ጋዝም አለ። እሱንም መኪና በይው።»

የወንድሜ ሚስት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አባቴን ቤታቸው ድረስ መጥተሽ ትሰድቢያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«ባልሽ እኮ ነው የሚንጠለጠልበት! ሲወድቅ ነው የሚገባሽ?»

«ምላስሽ ይቆረጥ፣ ሟርተኛ!»

ወንድሜን እጁን ይዤ ወደ ጓዳው ልስበው ሞከርኩ። «ና፣ በዓይንህ እየው። ባበራልህ በቃ፣ ሌላ ምንም አልልህም።» እጁን መነጨቀኝ።

«አላይም» አለ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አይቶ አላምንሽም ቢለኝ በስንት ጣዕሙ! ደጅ ድረስ ተከትሎኝ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካየሁ አለቀ» አለኝ። «ሚስቴ የእሳቸው ልጅ ናት። የማርሰው በእሳቸው በሬ ነው። ነገ ልጆቼን የሚያሳድጓቸው እሳቸው ናቸው። መረመርኳቸው ማለት እኮ ነው! ተረጅኝ እንጂ።»

«አንገትህንስ ለእሳቸው ሰጥተኸዋል?»

«ወደ ትምህርትሽ ሂጂ» አለኝና በሩን ዘጋብኝ።

ያን ቀን ጎረቤት አደርኩ። ባለቤቲቱ እግሬን በሙቅ ውሃ እያጠበችልኝ «ተያቸው፣ በየዓመቱ ይወርድ የለ?» አለችኝ። እሷንም ተቆጣኋት። ምን አደረገችኝ ምስኪን! ገመዱን ሰርቄ ለማቃጠልም አስቤ ነበር፤ ግን ሰውዬው ጓዳቸው በር ላይ ቁርበታቸውን አንጥፈው እንደተኙ ሰማሁ። ሌባ አድርገውኝ አረፉት።

ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ አፋፉ ላይ ተገኘሁ። እነሱም መጡ፤ ሰውዬው ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ወንድሜ ባልዲና ቢላዋ ይዞ፣ ሚስቱ የሚጨሰውን ኩበት ይዛ፣ ለመጎተት የሚያግዙ ሁለት ጎረቤቶችም ከኋላ። ማንም ሰላም አላለኝም። ሰውዬው ገመዱን በወይራው አዞሩት፣ የወንድሜንም ወገብ አሰሩ። ወንድሜ እንደ ደንቡ ፊቱን ወደ አበርገሌ ቆላ መልሶ ቆመ። ያ ቅባት የጠጣው ጫፍ ነው የታሰረለት። እያየሁት! ሰማያዊነቱ በቀን ብርሃን አይታይም፤ ለእኔ ግን ይታየኝ ነበር።

«አባቴ» አልኳቸው። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ይህ ገመድ መኪና አልጎተተም፣ ጎትቶ ከሆነ ልጄ ትሙት ይበሉኝ። ይህን ካሉኝ አፌን ዘግቼ እሄዳለሁ፤ ይቅርታም እጠይቅዎታለሁ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ።»

ሰውዬው ክፉ ናቸው እንጂ በሐሰት አይምሉም። ይህን ልክድባቸው አልችልም።

ልጃቸው ኩበቱን እንደያዘች በንቀት አየችኝ። «ይማሉላት እንጂ አባ! ምን ይጠብቃሉ? ይማሉላትና ትሂድልን!»

አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸውን አዩ። አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ የያዙትን የገመድ ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጡት፤ አልወረወሩትም፣ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው አስቀመጡት። ጋቢያቸውን አጣፉና አቀበቱን ወደ መንደር ተያያዙት። ልጃቸው «አባ?» አለች። አልዞሩም። «አባ!» አለች ደግማ። ኩበቱን ጥላ እየሮጠች ተከተለቻቸው፤ ኩበቱ ሣሩ ላይ ወድቆ መጨሱን ቀጠለ።

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ወይ እኔ! «ተመስገን» ብያለሁ እኮ፣ ጮክ ብዬ።

ወንድሜ ገመዱ ወገቡ ላይ እንደታሰረ ወደ እኔ ዞረ። በልጅነታችን በድንጋይ ተፈናክተናል፤ እንዲህ ሲጠላኝ ግን አይቼው አላውቅም። «ያዥ አሳጣሽኝ» አለ። «ከእንግዲህ በዚህ አገር ማንም ገመዴን አይዝም። የተመረመረ ያዥ ልጅ ባል ተብዬ ልኖር ነው። በይ እንግዲህ፣ አንቺ ያዢኝ።»

«አልይዝህም። ፍታው።»

«ሁሉን ታውቂ የለ? በመብራት ታዪ የለ? ያዢኝ!»

«ፍታው አልኩህ!»

ወደ አፋፉ ሄደ። የሚያስፈራራኝ መሰለኝ። ጎረቤቶቹም እንዲሁ የመሰላቸው ይመስለኛል፤ አልተንቀሳቀሱም። እሱ ግን ጀርባውን ለገደሉ ሰጠ፣ አንድ እግሩን አሳለፈ፣ ሁለተኛውንም አሳለፈ።

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ጫፉን በሁለት እጄ ጨብጬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ወይራው ላይ የዞረው ገመድ ሲጠብቅ ሲጥ ሲል ሰማሁት፤ ያን ድምፅ በሕልሜ እሰማዋለሁ። ወንድሜ ከደረቱ በታች ገደል ውስጥ ነው። ፊቱ ብቻ ይታየኛል፣ ያውም በቁጣ የነደደ።

«ልቀቂ!» አለ። «አውርጂኝ!»

«አልለቅም!»

«ልቀቂ እልሻለሁ! ክንድ በክንድ ልቀቂ!»

«አንዲት ጣት አልለቅልህም!»

መዳፌ ተላጠ። ተሳደበ፣ ተሳደብኩ። እናታችንን ጠራብኝ፣ አባታችንን ጠራሁበት። ያንን ሁሉ ጊዜ እኔ የማየው የእሱን ፊት ሳይሆን ወገቡ ላይ የታሰረውን ጥቁር ጫፍ ነበር። «ኧረ በእመቤታችን! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ!» ስል ጎረቤቶቹ ነቁ። ከኋላዬ ሆነው ገመዱን ጨበጡና እኔንም እሱንም አንድ ላይ ወደ ኋላ ጎተቱን። ወንድሜ በሆዱ ሣሩ ላይ ወጣ፤ ድንጋዩ አገጩን ልጦታል። ቋጠሮውን ፈታ፣ ገመዱን ፊቴ ላይ ወረወረው።

«ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለና ሄደ።

ገመዱ አልተበጠሰም። መንደሩ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ «አልተበጠሰም እኮ! ያን ሁሉ ሰው ጎትቶት አልተበጠሰም!» ገመዱን ይዤ ተመለስኩ፣ ለባለሱቋ ባትሪዋን ሰጠሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ገመዱን ቆራርጬ በመወጠሪያ ማሽን ሳብኩት። አዲስ ሳለ ከሚችለው እጅግ ባነሰ ጉልበት ተበጠሰ። ግን ወንድሜን ይችለው ነበር። ይህን ጥርሴን ነክሼ ነው የምጽፈው። ያን ቀን ቢወርድ ምናልባት ማሩን ቆርጦ በሰላም ይወጣ ነበር። ከርሞስ? የድንጋዩ ጠርዝ አንዴ ደግሞ ሲፈትገውስ? ሞለኪውሉ መቼ እንደሚበጠስ አይናገርም፤ መጎዳቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ይኼን ሁሉ ለሰውዬው አልነግራቸውም። ደስ እንዲላቸው? ምን ቆርጦኝ!

ደግሞ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። የሚከፋው ይክፋው።

ወንድሜ ማር መቁረጥ ትቷል። ሚስቱ ከአባቷ ጋር አትነጋገርም አሉ፤ ከእኔም ጋር አትነጋገርም፣ ስልክ ካልሆነ። ለወንድሜ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጠላ አጠጥቶ ባዶ እጃቸውን መለሳቸው። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። የምታነሳው ሚስቱ ናት።

«የለም፣ ወጥቷል» ትለኛለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

ከጀርባዋ ሲያስል ይሰማኛል። የወንድሜን ሳል አላጣውም።

«እሺ፣ ሲመጣ ደውላለች በይው» እላታለሁ። ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጋም፤ አንዴ ደግሞ እስኪያስል እጠብቃለሁ።